የኮምፖስት ድካም የሚቀንሰው ከመከመሩ በፊት ነው

የማዳበሪያ ዋጋ ምን ያህል እንደናረ፣ አንዳንዴም ገንዘብ ተይዞ እንኳ በዘር ወቅት እንደሚጠፋ ከእናንተ የተሰወረ አይደለም። እርሻ ላይ ባትሆኑም ገጠር ወላጅ ወይም ዘመድ ያላችሁ ሁሉ ወሬው በስልክ ይደርሳችኋል። በዚህ መሐል ከየአቅጣጫው የሚሰማው ምክር «ኮምፖስት አዘጋጁ» የሚል ነው።

ምክሩ መልካም ነው፤ የሚከብደው ሥራው ነው። በዘመቻ ተቆፍረው ዛሬ አረም የበቀለባቸው የኮምፖስት ጉድጓዶች በየመንደሩ አሉ። ባለቤቶቹ የተውት ሰንፈው አይደለም። ማጨዱ፣ መሸከሙ፣ መክተፉ፣ ውኃ መቅዳቱ፣ በዚያ ላይ በየጥቂት ሳምንቱ ማገላበጡ ብቻዋን ልጆች ለምታሳድግ እናት ወይም ጉልበታቸው ለደከመ አባት ከአቅም በላይ ይሆናል። ከሁሉም በላይ ውኃው የሚቀዳው በሴቶችና በልጆች ጀርባ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ይህ ድካም በአብዛኛው ሊቀር እንደሚችል እናሳያለን። ድካሙ የሚቀንሰው አገዳው፣ ቅጠሉና አረሙ ከመከመራቸው በፊት በሚደረግላቸው ዝግጅት ነው። ዝግጅቱም ለብቻው የሥራ ቀን አይጠይቅም፤ ዓመቱን ሙሉ በሌላ ሥራ መሐል፣ በመንገድ ላይ የሚሠራ ነው። ምሳሌያችንን የምንወስደው ማሽላና ጤፍ ከሚመረትበት ከደቡብ ወሎ ነው፤ መርሁ ግን ለሐረርጌም፣ ለስልጤም፣ ለጅማም ይሠራል።

የሚገላበጠው ለምንድን ነው?

መጀመሪያ የሥራውን ምሥጢር እንረዳ። ዕፅዋቱን ወደ አፈርነት የሚለውጡት በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። እነሱም እንደማንኛውም ሕያው ፍጡር ምግብ፣ ውኃና አየር ይፈልጋሉ። ክምር የሚገላበጠው አየር እንዲገባው፣ ያልተደባለቀው እንዲደባለቅና ዳር ላይ የቀረው ወደ ሞቃቱ መሐል እንዲገባ ነው። ውጤቱ ፍጥነት ነው። ደጋግሞ የተገላበጠ ክምር በሁለትና በሦስት ወር ሊደርስ ይችላል።

አሁን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፤ ፍጥነቱ ያስፈልገናል ወይ? በመስከረም የተከመረ ኮምፖስት ለመኸር እርሻ የሚፈለገው በሰኔ ነው። በመካከሉ ዘጠኝ ወር አለ። ዘጠኝ ወር ጊዜ ያለው ሰው በወገቡ ፍጥነት መግዛት አያስፈልገውም። ክምሩ ሲሠራ አየር የሚያሳልፍ፣ በልኩ የረጠበና በደንብ የተደባለቀ ከሆነ ሳይገላበጥ ወይም አንድ ጊዜ ብቻ ተገላብጦ በራሱ ጊዜ ይደርሳል። አየሩን፣ እርጥበቱንና ድብልቁን የሚወስነው ደግሞ የገባው ነገር አዘገጃጀት ነው።

የደረቀውና የረጠበው ምጣኔ

ረቂቅ ተሕዋስያኑ ሁለት ዓይነት ምግብ ይሻሉ። አንዱ ካርቦን ነው፤ ኃይል ይሰጣቸዋል። ሌላው ናይትሮጅን ነው፤ ሰውነታቸውን ይገነቡበታል። ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ሲኖር ሥራው ይቀልላቸዋል። እስከ 40 ቢደርስም ይሠራሉ፤ ብቻ ይዘገያሉ።

የእህል ጭድና አገዳ በካርቦን የበለጸገ ነው፤ ምጣኔው ከ50 እስከ 100 ባለው መካከል ይወድቃል። የእንጨት ሰጋቱራ ከ200 በላይ ይሄዳል። ለጋ አረምና ትኩስ ሣር ከ15 እስከ 25፣ የከብት እበት 20 አካባቢ፣ የዶሮ ኩስ 10 አካባቢ ነው። እንደ ሰስባንያና ሉኪንያ ያሉ ናይትሮጅን ከአየር የሚይዙ ተክሎች ቅጠላቸው ከለጋ አረም ጋር የሚመደብ፣ አንዳንዴም የሚበልጥ ነው።

ጭድ ብቻውን ቢከመር ለዓመታት ሊቆይ፣ ለጋ አረም ብቻውን ቢከመር ደግሞ ተጣብቆ ሊገማ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ቁጥሩን መሸምደድ አያስፈልግም። ቡናማውና ደረቁ ካርቦን፣ አረንጓዴውና ለስላሳው ናይትሮጅን ነው ብሎ መያዝ ይበቃል። እበት ቀለሙ ምንም ይሁን ከአረንጓዴው ጎራ ነው።

ደረቁ ይጠብቃል፣ እርጥቡ አይጠብቅም

እዚህ ላይ ብዙ ክምር የሚበላሽበት ነገር አለ። አረንጓዴው የሚትረፈረፈው ከነሐሴ እስከ መስከረም፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። የማሽላው አገዳና የጤፉ ጭድ የሚገኘው ግን ከኅዳር በኋላ ነው። ሁለቱ በአንድ ወቅት አይገናኙም። በመስከረም የሚከምር ሰው ደረቅ ነገር ያጣል፤ በጥር የሚከምር ደግሞ አረንጓዴ ያጣል፣ ውኃም በጀርባ ያስቀዳል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ደረቅ ነገር ዝናብ ካልነካው ወራትን ይቆያል፤ እርጥብ ነገር ግን በቀናት ውስጥ ይበላሻል። ስለዚህ የበጋው ደረቅ ትርፍራፊ ተጠራቅሞ ክረምቱን ይጠብቃል እንጂ አረሙ በጋውን አይጠብቅም።

«አገዳውንማ ከብት ይበላዋል፣ የቀረውም ይነድዳል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። መኖና ማገዶ ባጣ ቤት አገዳውን ለኮምፖስት አምጡ ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። እኛም የምንለው ሌላ ሥራ ያለውን ነገር አይደለም። ከብቱ በልቶ የተወው ጉርድ አገዳ፣ የዝናብ ምች የመታው ጭድ፣ የባቄላና የሽንብራ ገለባ ትርፍራፊ፣ የአውድማ ጥራጊ፣ የአጥር ክርክም፣ የሙዝ ቅጠል፣ ጫት በሚሸጥበት ሰፈር ደግሞ ገረባ አለ። እነዚህ በየቀኑ ተጠርገው የሚጣሉ ወይም ደጅ ላይ የሚቃጠሉ ናቸው። በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ከዛፍ ሥር ወይም ከዳስ ጥግ ቢጠራቀሙ ከታኅሣሥ እስከ ነሐሴ ለአንድ ክምር የሚበቃ ይገኛል።

በሚጣልበት ሰዓት መለየት

የተደባለቀ ክምር ኋላ ለመለየት ቀን ይፈጃል። ሲጣል መለየት ግን ምንም አይፈጅም፤ እጅ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ መዞሩ ብቻ ነው። ስለዚህ በግቢው ጥግ ሦስት ቦታ ይመደብ።

አንደኛው ለጠንካራው ነው። ወፍራም አገዳ፣ የጫት እንጨት፣ የቅርንጫፍ ቁራጭና የመሳሰለው።

ሁለተኛው ለደረቅና ለስላሳ ነው። ጭድ፣ ገለባ፣ የወደቀ ቅጠልና ጥራጊ።

ሦስተኛው ለተጠርጣሪው ነው። ዘር የያዘ አረም፣ ሥሩ የማይሞት ሣርና በሽታ የያዘ ተክል እዚህ ይቀመጣል። ምን እንደሚደረግበት ወደ ታች እንመለስበታለን።

ለጋው አረንጓዴ ቦታ አያስፈልገውም፤ በክመራው ሰሞን በቀጥታ ከማሳ ይመጣል። ፌስታል፣ ላስቲክ ገመድና ክር ደግሞ በዚሁ ሰዓት ይለቀም፤ በተለይ ገረባ ያለ ፌስታል አይመጣም። ዛሬ አንድ ፌስታል ማንሳት ቀላል ነው፤ ከበሰበሰ ኮምፖስት ውስጥ ብጥስጣሹን መልቀም ግን ማለቂያ የለውም።

ሁሉም ነገር አይከተፍም

ብዙዎችን ከኮምፖስት ያራቀው መክተፉ ነው። ሁሉን ነገር በጣት ልክ ክተፉ ሲባል ሰው ግማሽ ቀን በገጀራ ሲመታ ይውላል። እውነታው ግን ይህ ነው፤ ረቂቅ ተሕዋስያን የሚሠሩት በዕፅዋቱ ገጽ ላይ ነው። የማሽላ አገዳ ውጪው ሰም በመሰለ ቅርፊት የተሸፈነ ስለሆነ ውኃም አይገባው፣ እነሱም አይገቡትም። ሲሰነጠቅና ሲሰበር ግን ለስላሳው ውስጡ ይከፈታል። ስለዚህ መቆረጥና መሰነጠቅ ያለበት ጠንካራው ብቻ ነው።

ለጋ አረም፣ የጎመን ቅጠል፣ የድንች ግንድ፣ የሰስባንያ ቅጠል መከተፍ አያስፈልጋቸውም። በራሳቸው ይፈርሳሉ። እንዲያውም ለስላሳ ነገር በጣም ሲደቅቅ ይጣበቅና አየር ይከለክላል፤ ያኔ ክምሩ ይገማል፣ ለማስተካከልም ማገላበጥ ግድ ይሆናል። ማለትም ያለ ቦታው የተከተፈ ነገር ሁለት ጊዜ ያደክማል።

ለቸኮለ ክምር ጠንካራው ነገር ከ2 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይመረጣል። ዘጠኝ ወር ለሚቆይ ክምር ግን ከተሰነጠቀ አንድ ስንዝር ያህል ቢረዝምም ችግር የለውም፤ አልፎ አልፎ የሚገባው ረጅም አገዳ የአየር መተላለፊያ ይሆናል።

መቆረጥ ያለበትንም በብልሃት መቁረጥ ይቻላል። አገዳውን አንድ በአንድ ከመምታት በእስር አስሮ በግንድ ላይ አጋድሞ የእስሩን ጫፍ እያስጠጉ መቁረጥ ሥራውን በእጅጉ ያሳጥረዋል። የአጥርና የዛፍ ክርክም ደግሞ ቅርንጫፉ ገና ለጋ ሳለ፣ ጣት ከመወፈሩ በፊት ቢቆረጥ በማጭድ ይሄዳል፤ እስኪደነድን ከቆየ መጥረቢያ ይጠይቃል። ቅጠል የበዛበት ቅርንጫፍ ከሆነ ለሁለትና ለሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ማቆየት ነው፤ ያኔ ቅጠሉ በመንሽ ሲመታ ይረግፋል፣ እንጨቱ ለማገዶ ይሆናል።

ሌላ እግር የሚሠራልን ሥራ

ጠንካራውን ነገር ለመስበር የራሳችን ክንድ የግድ አይደለም። እንግሊዛዊው የግብርና ሳይንቲስት አልበርት ሃዋርድ ከ1924 እስከ 1931 እ.ኤ.አ. በሕንድ ኢንዶር ከተማ በሠራበት ጊዜ ኋላ «የኢንዶር ዘዴ» የተባለውን የኮምፖስት አሠራር አዳብሯል። እዚያ ትልቁ ችግር የጥጥና የርግብ አተር ግንድ ነበር፤ እንጨት ስለሚመስል አይበሰብስም። ያገኙት መፍትሔ ግንዱን በእርሻው መንገድ ላይ ማንጠፍ ነው። የከብቱ ኮቴና የጋሪው ጎማ ሲመላለስበት ግንዱ ተሰባብሮ ጭድ ይመስላል። ከዚያ ለከብት መኝታ ይጎዘጎዛል።

ይህ ለእኛ አገር የተሠራ ይመስላል። ከአንደኛው ቦታ የተጠራቀመውን ጠንካራ አገዳ ከብቶች በሚወጡበት በር ላይ፣ ውኃ በሚጠጡበት መንገድ ላይ ወይም ክረምት ጭቃ በሚሆነው ደጅ ላይ ማንጠፍ ነው። በሳምንታት ውስጥ ይሰነጠቃል፣ እበትና ጭቃ ይቀባል፣ ዝናቡም ያርሰዋል። ደጁም ከጭቃ ይገላገላል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን በረቱ ነው። ከከብት ከሚወጣው ናይትሮጅን ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ያለው በሽንቱ ውስጥ ነው። እበቱን እንጠርጋለን፤ ሽንቱ ግን መሬት ይጠጣዋል ወይም ሽታ ሆኖ ይጠፋል። በረት ውስጥ ጭድና የተሰባበረ አገዳ ሲጎዘጎዝ ሽንቱን ይጠጣዋል። ማታ የተጎዘጎዘው ከቀናት በኋላ ሲጠረግ ተረግጧል፣ ርሷል፣ ናይትሮጅን አግኝቷል፣ ከእበት ጋር ተደባልቋል። ያም ማለት ሦስቱን የዝግጅት ሥራዎች ማለትም መሰባበርን፣ ማርጠብንና ማደባለቅን ከብቱ ተኝቶ ጨርሶታል። በጎችና ፍየሎች ያሉትም በተመሳሳይ መንገድ በጠጡን ከጉዝጓዙ ጋር መሰብሰብ ይችላል። እበቱ ለኩበት የሚፈለግ ከሆነም ይወሰድ፤ ሽንት የጠጣው ጉዝጓዝ ብቻውን ትልቅ ዋጋ አለው።

ዕውቀቱ ለእኛ ባዕድ አለመሆኑንም እግረ መንገዳችንን እናስታውስ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በአንደሉስ፣ በኢሽቢሊያ (በዛሬዋ ሴቪያ) የኖረው ኢብኑል ዐዋም «ኪታቡል ፊላሓ» በተሰኘው ሰፊ የእርሻ መጽሐፉ ስለ ማዳበሪያ ዓይነቶችና አዘገጃጀት ራሱን የቻለ ምዕራፍ ጽፏል። ሙስሊም የእርሻ ሊቃውንት ጉዳዩን እንደ ዕውቀት ዘርፍ ይዘውት ነበር።

ውኃው ከየት ይምጣ?

አሁን ወደ ከባዱ ሸክም እንምጣ። ክምር ከክብደቱ ከ50 እስከ 60 በመቶው ውኃ ሊሆን ይገባል። መለኪያው እጅ ነው። ከክምሩ አንድ እፍኝ ጨብጣችሁ ስትጨምቁ እጃችሁ ከረጠበና አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ካለ ልክ ነው። ከተንጠባጠበ በዝቷል፤ እጅ ካልረጠበ አንሷል።

በቁጥር እናስላው። 100 ኪሎ ደረቅ ጭድ ቢኖረን በውስጡ ያለው ውኃ 10 ኪሎ ያህል ነው። ይህን ብቻውን ወደ 55 በመቶ እርጥበት ለማድረስ ወደ 100 ሊትር ውኃ ያስፈልጋል። ባለ 20 ሊትር አምስት ጀሪካን ማለት ነው። ምንጩ ሩቅ ለሆነ ቤት አምስት ምልልስ ነው፤ ያውም ጭዱ ውኃውን ሳያፈስስ ከጠጣው።

በዚሁ ጭድ ላይ 250 ኪሎ ትኩስ ለጋ አረም ብንጨምርስ? ለጋ አረም ከአምስት እጅ አራቱ ውኃ ነው። ስለዚህ 200 ኪሎ ውኃ ይዞ መጣ ማለት ነው። ድምሩ 350 ኪሎ ይሆናል፤ ከዚያ ውስጥ 210 ኪሎው ውኃ ነው። ይህ ልክ 60 በመቶ ነው። አንድ ጀሪካን አልተቀዳም። በዚያው የካርቦንና የናይትሮጅን ምጣኔውም ወደ 35 አካባቢ ወርዷል፤ ጥቂት እበት ወይም የሰስባንያ ቅጠል ከተጨመረበት ይበልጥ ይስተካከላል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንዳይምታታ። አረም ከታጨደ በኋላ አንድ ቀን ቢጠወልግ ክብደቱ ስለሚቀንስ ለመሸከም ይቀልላል። ነገር ግን ውኃው በዚያው ሄደ። ስለዚህ ዝናብ ገና ካላቆመና ደረቁ ነገር ቀድሞ ከራሰ አረሙን አጠውልጎ መሸከም ያዋጣል። ዝናብ ካቆመና ውኃ ሩቅ ከሆነ ግን አረሙ በታጨደበት ቀን ይከመር። በማንኛውም ሁኔታ ደረቁን ነገር ከክመራው በፊት ባለው ሳምንት ሜዳ ላይ አሳስቶ ለአንድ ሁለት ዝናብ ማስመታት የሚቀዳውን ውኃ ይቀንሳል።

ቦታውም ሸክም ይቀንሳል። ክምሩ አረሙ ከሚታጨድበትና ኮምፖስቱ ከሚበተንበት ማሳ ከፍ ብሎ ከላይኛው ዳር ቢሆን፣ የደረሰው ኮምፖስት ቁልቁል ይሄዳል። ቤት አጠገብ ተሠርቶ ኋላ ዳገት የሚሸከሙት ኮምፖስት እዚያው መቅረቱ አይቀርም።

ወደ ክምሩ መግባት የሌለበት

የማይገላበጥ ክምር አንድ ድክመት አለው። መሐሉ 55 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድና ከዚያ በላይ ሞቆ ለቀናት ከቆየ አብዛኛው የአረም ዘርና የበሽታ ምንጭ ይሞታል፤ ዳሩ ግን አይሞቅም። ዳር ላይ የቀረ ዘር በሰኔ ከማዳበሪያው ጋር ማሳ ይገባል። ስለዚህ የማናገላብጥ ከሆነ ዘሩን አስቀድመን ማስቀረት አለብን። ሦስተኛው ቦታ የተመደበው ለዚህ ነው።

አረም አበባ ሳያወጣ ይታጨድ። በተለይ በወሎ ቆላማ ቦታዎች የተስፋፋው ቅንጨ አረም ከማበቡ በፊት ከሆነ ጥሩ አረንጓዴ ነው፤ ካበበ በኋላ ግን አይግባ። ቆዳንም ስለሚያሳክክና ስለሚያቆስል በባዶ እጅ አይነካ።

ሰርዶና እንግጫ ከመሬት በታች ባለው አካላቸው ስለሚራቡ ድንጋይ ወይም ጣራ ላይ ተሰጥተው ሲታጠፉ ቀጭ ብለው እስኪሰበሩ ይድረቁ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ቦታ ይዛወራሉ።

ዋግ ወይም አመንማኝ በሽታ የያዘው የድንች፣ የቲማቲምና የቃሪያ ግንድ አይግባ። የአረም መድኃኒት በቅርብ የተረጨበት ጭድም አትክልት ላይ ለሚውል ኮምፖስት አይሁን። የባሕር ዛፍ ቅጠል ጥቂት ቢገባ ጉዳት የለውም፤ ብዙ ከሆነ ግን ሥራውን ያጓትታል።

ለወራት የተጠራቀመን ክምር ስታነሱ በእጅ ሳይሆን በመንሽ ይሁን፤ እባብና ጊንጥ ይደበቁበታል። የሻገተ ጭድ ሲነሳ አቧራው ለሳንባ ስለማይበጅ ቀድሞ ውኃ ረጨት ይደረግበት፣ አፍንጫም በሻሽ ይሸፈን።

የዐረፋ ፈርስ

ለእኛ ማኅበረሰብ ልዩ የሆነ አንድ ሀብት አለ። በዒደል አድሓ ዕለት በአንድ ሰፈር ውስጥ ብዙ በግ፣ ፍየልና በሬ ይታረዳል። ሥጋው ይከፋፈላል፤ ፈርሱ ግን ቦይ ውስጥ ተጥሎ ሰፈሩን ሲያሸትት ይሰነብታል። ፈርስ ማለት በእንስሳው ሆድ ውስጥ የላመ፣ የራሰ፣ በረቂቅ ተሕዋስያን የተሞላ ሣር ነው። ለኮምፖስት ከዚህ የተሻለ የተዘጋጀ ዕፅዋት ማግኘት ይከብዳል።

አያያዙ ቀላል ነው። ከዒዱ በፊት አንድ ሁለት ጆንያ ደረቅ ጭድ ወይም ቅጠል ተዘጋጅቶ ይቀመጥ። ፈርሱ በዕለቱ ከሁለት እጥፍ ከሚሆን ደረቅ ነገር ጋር ይደባለቅ፤ በላዩ ላይ አንድ ስንዝር ያህል ጭድና አፈር ይልበስ። ያኔ ዝንብም ውሻም አይቀርበውም፣ ሽታም የለውም። አንጀት፣ ቁርጥራጭ ሥጋና አጥንት ግን አይቀላቀል። የከተማ መስጂዶችና መድረሳዎች ግቢያቸው ውስጥ ዛፍና አትክልት ካላቸው የሰፈሩን ፈርስ በዚህ መንገድ ቢቀበሉ ጽዳቱም ማዳበሪያውም በአንድ ቀን ይገኛል።

የክመራው ቀን

ይህ ሁሉ ከተዘጋጀ ክመራው ለሁለት ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ስፋቱ አንድ ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ ቢያንስ አንድ ሜትር ይሁን፤ ከዚህ ያነሰ ክምር ሙቀቱን አይዝም። ከታች አንድ ስንዝር ያህል ያልተከተፈ ጠንካራ ቅርንጫፍ ይነጠፍ፤ አየር ከሥር የሚገባው በዚህ ነው። መሐሉ ላይ አንድ ሁለት ወፍራም እንጨት ይቁም።

ከዚያ ስንዝር የሚሆን ደረቅ፣ በላዩ ስንዝር የሚሆን አረንጓዴ፣ በላዩ ስስ የእበት ወይም የበረት ጥራጊ፣ ጥቂት የማሳ አፈር እየተደራረበ ይወጣል። በመንሽ ትንሽ ወዘወዝ ማድረግ ይበቃል፤ በእግር መርገጥ አያስፈልግም። ሲያልቅ የቆመው እንጨት ተነቅንቆ ይወጣና የአየር ቀዳዳ ይሆናል። ላዩ በሣር፣ በሙዝ ቅጠልና በስስ አፈር ይሸፈን። በጋው በሚከብድበት ቆላ መሬት ውስጥ ቢሆን እርጥበቱን ይጠብቃል፤ ጉድጓዱ ግን ከአንድ ሜትር አይጥለቅ፣ ውኃም የሚተኛበት ቦታ አይሁን። ምስጥ ባለበት አገር ደግሞ ክምሩ እንዳይደርቅ መጠበቅ ዋናው መከላከያ ነው።

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ዱላ መሐሉ ላይ ሰክታችሁ ጥቂት ቆይታችሁ ንቀሉት። ከሞቀና ከራሰ ሥራው ጀምሯል። ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውኃ ይሻል፤ ከገማ ደረቅ ነገር ይሻል። ከዚያ በኋላ በወር አንዴ ዱላውን መስደድ እንጂ ሌላ ሥራ የለም። በሰኔ ጥቁር፣ እንደ ዝናብ ዕለት አፈር የሚሸት ነገር ይጠብቃችኋል። ያልፈረሰ አገዳ ካለ ተለይቶ የቀጣዩ ክምር ወለል ይሆናል።

ምን ያህል ይጠቅማል?

ከእውነቱ መሸሽ አይገባም። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው። አንድ ኩንታል ደረቅ ኮምፖስት ያለው ግን አንድ ኪሎ ተኩል አካባቢ ነው፤ እሱም በአንድ ክረምት ሁሉ አይለቀቅም። ስለዚህ አንድ ክምር ሠርቶ የማሳውን ዩሪያ በሙሉ ለማስቀረት ማሰብ ራስን ማታለል ነው።

ከላይ በቁጥር ያየነው ክምር ሲደርስ መጠኑ ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ ከነእርጥበቱ ከአንድ ኩንታል ጥቂት የሚበልጥ ኮምፖስት ይሰጣል። ይህ በካሬ ሜትር አምስት ኪሎ ቢበተን ከ20 እስከ 25 ካሬ ሜትር የሚሆን የጓሮ መደብ ያለብሳል። ለጎመን፣ ለቃሪያ፣ ለቲማቲምና ለሽንኩርት መደብ ነው። እዚያ ላይ ኮምፖስቱ ናይትሮጅን ብቻ አይሰጥም፤ አፈሩን ያለሰልሳል፣ ዝናብ ሲቋረጥ እርጥበት ያቆያል፣ የተገዛው ማዳበሪያም በጎርፍ እንዳይሄድ ይይዛል። ለማሳ የሚተርፍ ካለ በጠቅላላው ከመበተን በዘሩ መስመር ውስጥ ማድረግ ይሻላል። በዓመት አንድ ክምር ያለ ድካም የሚሠራ ቤተሰብ ከዓመት ዓመት ይቀጥላል፤ አምስት ጉድጓድ በዘመቻ የቆፈረው ግን በሁለተኛው ዓመት ይተወዋል።

ስለዚህ ከተማም ውጭ አገርም ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ገጠር ላሉት እናት አባቶቻችሁ በቀጣዩ ስልክ «ኮምፖስት ሥሩ» ከማለት «ከብቱ የተወውን አገዳ በረት ውስጥ ጎዝጉዙት፣ ደረቁን ሳታቃጥሉ እስከ ክረምት አቆዩልኝ» በሏቸው። ከተቻላችሁም አንድ መንሽና አንድ ጥሩ ገጀራ ላኩላቸው። የቀረውን ኮቴውና ዝናቡ ይሠሩታል፣ ኢንሻአላህ።